ለልጄ ብዬ ያጠናሁት

ማክሰኞ 2

መጽሐፎቹን አገኘሁ። ሁለቱም የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ማዘጋጃ ናቸው፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ወፍራሙ አሮጌ ነው። የቀድሞ ባለቤቱ እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ድረስ በቀይ አስምሮበታል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ምልክት የለም። አልፎ ይሁን ተስፋ ቆርጦ አይታወቅም። መጽሐፍ ሻጩ ይሄን የጨረሰ ሰው ዳኛ ባይሆን እንኳ ከማንም ጋር ተከራክሮ አይረታም አለኝ። ለልጄ ነው አልኩት።

ልጄ ወፍራሙን በአንድ እጇ አንስታ መዘነችው። "እማዬ፣ ይሄ እኮ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚደረግ ነው" አለች። ሳቅን። ከዚያ አመስግናኝ ወጣች።

ከልጅነቷ ጀምሮ ያያት ሁሉ ይቺ ጠበቃ ናት ይላል። ገና ጥርሷን ሳትቀይር የቤት አከራያችንን በውሃ ጉዳይ ተከራክራ መልስ አሳጥታዋለች። አሁን ትምህርቷን ጨርሳ ቁጭ ብላለች። ፈተናው በሚቀጥለው ወር በ25 ነው፣ ቅዳሜ። ደብተሩን የጀመርኩት ጥናቷን ለመከታተል ነው።

ሐሙስ 4

ቸኩያለሁ። የተማሪ ደንብ ልብስ ትዕዛዝ ገባ። የስፌት ቤታችን ኃላፊ፣ መለኪያውን ከአንገታቸው ስለማያወርዱ "ሜትር" የምንላቸው፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ለቆራጭ እረፍት የለም ብለዋል። ቆራጮቹ ሁለት ነን፤ እኔና ረጅሙ። የቆረጣ ክፍሉ አለቃ ጡረታ ሊወጣ ስለሆነ ረጅሙ ሰሞኑን ፀጉሩን እየተስተካከለ ነው የሚመጣው።

እሑድ 7

ዛሬ ማስጠናት ጀመርኩ። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብቤ ሳልጨርስ "ለ" አለች። ምርጫዎቹን ገና አላነበብኩላትም ነበር።

ሳይገባኝ መጠየቅ ዋጋ እንደሌለው ገባኝ። ስለዚህ እሷ ስትወጣ ምዕራፍ አንድን ብቻዬን አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ ሁሉም ጠበቃ አንባቢ ነው። አንዳንድ አንባቢ ዝምተኛ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ጠበቃ ዝምተኛ ነው። ልክ ነው ወይስ አይደለም?

ልክ ነው አልኩ። መልሱን ከኋላ አየሁት፤ አይደለም ይላል። ተናደድኩ። ሳህን እያጠብኩ አሰብኩት። ሳህኑ እጄ ላይ እንዳለ ገባኝና ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ዝምተኞቹ አንባቢዎች ከናካቴው ጠበቃ ያልሆኑት ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ቀላል ነገር አርባ ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረኝም።

ማክሰኞ 9

ጥያቄውን ለሬዲዮ ነገርኳት። ሬዲዮ እጅጌ ገጣሚያችን ናት፤ ወሬ እሷ ጋ ካልደረሰ አልተወራም። ትንሽ አሰበችና የራሷን ሠራች። "ሁሉም ባል ያንኮራፋል። አንዳንድ የሚያንኮራፋ ሰው ሀብታም ነው። ስለዚህ አንዳንድ ባል ሀብታም ነው።" አይደለም፣ አይከተልም አልኳት። "ለኔ መንገር አያስፈልግሽም፣ እኔ በተግባር አይቼዋለሁ" አለች። ማሽኖቹ ሁሉ ቆመው ተሳቀ። ሜትር ብቅ ሲሉ ማሽኖቹ እንደገና ተነሡ።

ሐሙስ 11

ምዕራፍ አራት። ቀይ መስመሩ አለቀ። ከዚህ ወዲያ ብቻዬን ነኝ። ማለቴ፣ ብቻችንን ነን።

ስድስት ሰዎች በተራ ይናገራሉ። ሐኪሙ ከአስተማሪዋ በፊት፣ ነጋዴው መጀመሪያም መጨረሻም አይሆንም፣ ገበሬው ከሐኪሙ ቀጥሎ፣ እያለ ይሄዳል። በጭንቅላቴ ሞከርኩት፣ ተተረማመሰ። በምሳ ሰዓት ስድስት ቀለም ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቅሜ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ሐኪሙ ነጭ፣ አስተማሪዋ ሰማያዊ። እየገፋሁ፣ እየቀያየርኩ፣ አንዱ ከሌላው ጋር አልስማማ ሲል እየመለስኩ… ድንገት ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ልቤ ደረቴን ደበደበው፤ በዚህ ዕድሜ ለብጣሽ ጨርቅ።

ማታ ለልጄ አሳየኋት። "በጣም አሪፍ ነው" አለች። ዐይኗ እየተከደነ ነበር።

ቅዳሜ 13

ልጄ በጥናቷ ገፋች። ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው። ቤተ መጻሕፍቱ ጸጥ ያለ ነው ትላለች። ጥፍሯ ሥር ጥቁር ነገር አየሁ፣ የእስክሪብቶ ቀለም ነው አለችኝ። እንዲህ የሚያፈስ እስክሪብቶ ይዛ ፈተና ልትገባ ነው? ሁለት ጥሩ እስክሪብቶ ገዛሁላት።

አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ልብሱ ናፍጣ ይሸታል፤ ሰሞኑንማ ሽታው የሷ ሻርፕ ላይ ሳይቀር ገብቷል። ከእንግዲህ የሱን ልብስ ለብቻ ነው የማጥበው።

ሐሙስ 18

ምዝገባ። ልጄ ሥራ አለብኝ ስላለች ወረቀቶቿን ይዤ እኔ ሄድኩ። ሰልፉ ላይ ፊቴ የነበረው ጎልማሳ ሦስተኛ ጊዜው መሆኑን ነገረኝ። አንድ ሰው ብቻውን የፈተናውን አዳራሽ ሲያየው ይደነግጣል፣ የሚያውቀው ፊት ቢኖር ግን ይረጋጋል አለ። ይሄን ሳስበው ቆየሁ። የማታ ትምህርት ላይ የዕድሜ ገደብ እንደሌለ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የኔም የትምህርት ማስረጃ ከነፎቶዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ሁለቱን ፎቶ አይታ "እህትማማች ናችሁ?" አለችኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። እናቷ ነኝ፣ እኔ የምገባው እንዳትፈራ ብዬ ነው አልኳት። ልጅቷ ማኅተሙን መታችው።

ቤት ስነግራቸው አባትና ልጅ ተያዩ። ከዚያ አባቷ ተነስቶ ለሁለት ተጣጥፎ እጅ ነሳ። "ክብርት ዳኛ፣ እራት ደርሷል።"

ረቡዕ 24

ምን ነካኝ። ምን ነካኝ።

የሸሚዝ እጅጌ ነው። ጨርቁ ፊትና ውስጥ አለው፤ አንድ ወገኑ ያብለጨልጫል። ሲደራረብ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ስለዚህ በአንድ ቅድ ቀኝም ግራም አብሮ ይወጣል። ይሄን ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይማረዋል። እኔ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ዘረጋሁት። በጠመኔ አሰመርኩ፣ የመቁረጫ ማሽኑን ነዳሁ፣ ቁልል አድርጌ ለሬዲዮ ሰደድኩ። በአእምሮዬ ስድስቱን ተናጋሪዎች እየደረደርኩ ነበር።

ሬዲዮ ሁለት እጅጌ ይዛ መጣች። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ክንዷ ላይ ለካችው። "እህቴ፣ የዘንድሮ ተማሪ ሁሉ ግራ እጅ ብቻ ነው ያለው?" አለች በሹክሹክታ።

ሜትር አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቁልሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ለነዚህ ቀኝ ቁረጪላቸው፣ ጨርቁ ከሚቀጥለው ትዕዛዝ ይታሰባል አሉ። ረጅሙ ማፏጨት ጀመረ።

ለዐሥራ ስምንት ዓመት አንድ ኮሌታ አበላሽቼ አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ ላይ መጽሐፉን በልቤም ቢሆን አልከፍትም።

ሐሙስ 25

ከፈትኩ። በምሳ ሰዓት ብቻ ነው።

ማክሰኞ 30

በሰዓት የተገደበ የሙከራ ፈተና አደረግን፣ ከቀጭኑ መጽሐፍ። ሁለታችን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን፣ አባቷ ሰዓት ያዘ። እሷ ቀድማ ጨረሰች፤ በፍጥነቷ ተገረምኩ። ሳርመው ሁሉንም "ሐ" ብላ ነው የመለሰችው። ደክሟት ይሆናል። ከአራት አንድ አገኘች።

የኔን ወረቀት አጥፌ ደበቅሁት። ጥሩ ነበር፣ በጣም ጥሩ ነበር። ግን ልጅን ማሸማቀቅ ተገቢ አይደለም።

እሷ ስትተኛ ለአባቷ ብቻ አሳየሁት። ፈገግ አለ፣ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ደግሞ አየው። "እሷ እኮ…" አለና ተወው። እሷ ምን? አልኩት። "ደክሟታል" አለ።

እሑድ 5

ከመጽሐፉ ጋር ተጣላሁ። ንባቡ ስለ ሁለት ጎረቤቶችና ስለ አንድ አጥር ነው። አጥሩን የሠራው ሰው ነው ወይስ መሬቱን የገዛው ነው የሚጠግነው? መጽሐፉ የገዛው ነው ይላል። እኔ የሠራው ነው እላለሁ። የገጹ ዳር ላይ በእርሳስ "ስሕተት!" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ምክንያቴን ጻፍኩ። ዳሩ አልበቃ ብሎኝ ወደ ቀጣዩ ገጽ ተሻገርኩ። ለልጄ ፍረጂ አልኳት። "እማዬ፣ አንቺ ያልሽው ነው" አለች፣ ጫማዋን እያሰረች። እንዲህ ዓይነት ፍርድ አያረካም።

ማክሰኞ 7

መጽሐፉ ልክ ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ፣ ገዢው አጥሩን አውቆ እንደገዛ ተጽፏል፤ እኔ ዘልዬዋለሁ። "ስሕተት"ን አጠፋሁ። መረታት እንዲህ ደስ ይላል ብሎ የነገረኝ የለም።

ሐሙስ 9

ክር ልወስድ መጋዘን ገብቼ ከመደርደሪያው ጀርባ ረጅሙ ለሬዲዮ ሲናገር ሰማሁ። "ልጄን አስጠናለሁ ነው የምትለው? ልጅቷን መጽሐፍ ይዛ ያየ አለ? እኔ የማየው እናቲቱን ነው።" ሬዲዮ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም፣ ሳቋን ግን ሰማሁ።

ሰው በሰው ቤት ምን ያውቃል። ልጄ የምታጠናው ቤተ መጻሕፍት ነው።

ሰኞ 13

ሜትር ቢሯቸው አስጠሩኝ። እጅጌውን አላነሱም። አለቃው በወሩ መጨረሻ ይወጣል፣ ተተኪው ከሁለታችሁ አንዱ ነው፣ የኔ ሐሳብ ወዳንቺ ነው አሉ። እግሬ መሬት አልነካ አለ። ቀጠሉ፦ ትዕዛዙ የሚወጣው በ25 ነው፣ ቅዳሜ፤ ያን ቀን የክፍሉን ቁልፍ ለአዲሱ አለቃ እሰጣለሁ፣ የሚቀር እንዳይኖር።

ልጄን ፈተና መሸኘት አለብኝ አልኳቸው።

"መንገድ አታውቅም?"

ታውቃለች አልኩ። አንገታቸው ላይ ያለውን መለኪያ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሳቡት። እስቲ እናያለን አሉ፤ እሳቸው እናያለን ሲሉ አይቻልም ማለት ነው።

ይሄን ቦታ ለስንት ዘመን ጠብቄዋለሁ። ልጄ ብቻዋን መሄድ ትችላለች። ትልቅ ሰው ናት። እንደዚያ ከሆነ እኔ መግባት የለብኝም ማለት ነው። ልክ ነው። ይከተላል።

ለምን እንደሚከፋኝ አይገባኝም።

ዓርብ 17

የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች። አስቸጋሪ ናቸው፣ ግን ምን ዓይነት ማስቸገር! አውቶቡስ ውስጥ እያነበብኩ ከመውረጃዬ አለፍኩ። በእግሬ ስመለስም እያነበብኩ ነበር። አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ ጉድጓድ አለ" ብለው ክንዴን ያዙኝ።

ሐሙስ 23

በደንብ ልጻፈው።

አባቷ መንጃ ፈቃዱን ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ወጣ። ከሰዓት በኋላ ተረኛ ስለሆነ ከሥራ አስፈቅጄ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ጋራዥ ወሰድኩለት። ዋናው መካኒክ በር ላይ አገኘኝ፤ አጭር፣ ክብ ሰው ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግረው በክርኑ ጨበጠኝ፣ እጁ ዘይት ስለነበር። "እንኳን መጣሽ፤ ይቺን ልጅ ማን ወለዳት እያልን ነበር" አለ። የትኛዋን ልጅ? አልኩት። በአገጩ አሳየኝ።

ከአንድ አውቶቡስ ሥር ሁለት እግር ወጥቷል። ጫማውን አወቅሁት፤ እኔ ነኝ የገዛሁት።

ቆሜ አየሁ። ከሥር ድምፅ መጣ፣ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አቀብሉኝ እያለ። የሚያቀብል ስላልነበረ እኔ አቀበልኳት። እጇ ወጥቶ ተቀበለኝ። ከዚያ እጁ ቆመ። የማንን እጅ እንደነካች ገብቷታል መሰለኝ።

ተንሸራታ ወጣች። ፊቷ ሁሉ ጥቁር ነው። አባቷ ከአንዱ አውቶቡስ ጀርባ ብቅ ብሎ እኔን ሲያይ ተመለሰ፤ ይሄ ሰውዬ ሲያመልጥ እንኳ አይችልበትም።

ስንት ጊዜ ሆነሽ? አልኳት። ትምህርት ከጨረሰች ጀምሮ ነው። ቤተ መጻሕፍቱስ? አንድ ቀን ሄዳለች፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ፈተናውስ? አልገባም አለች።

ብዙ ተናገርኩ። መካኒኮቹ ሁሉ ሥራ አገኙ፣ የሌለ ብሎን ማጥበቅ ጀመሩ። ጠበቃ ትሆናለች ያሉትን ሁሉ ቆጠርኩላት። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

"ልነግርሽ ነበር፣ እማዬ። ማታ ማታ ግን ያን ጨርቅ ደርድረሽ ስታስረጂኝ ፊትሽን አይቼ እንዴት ልንገርሽ? የኔ ነገር ከታወቀ አንቺም ትተይዋለሽ። ላንቺ ብዬ ነው የማዳምጠው።"

 መንጃ ፈቃዱን መካኒኩ እጅ ላይ አድርጌ ወጣሁ።

ቤት ነኝ። ማንንም አላናገርኩም። ልጄ የማትገባ ከሆነ እኔ የምገባበት ምክንያት የለም። ነገ መጽሐፎቹን ለሻጩ እመልሳለሁ። ቅዳሜ ሥራ እገባለሁ፣ ቁልፉን እረከባለሁ። አበቃ።

በኋላ

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ያልሠራኋቸው ጥያቄዎች ነበሩ። ጎደሎ መጽሐፍ ከምመልስ ብዬ ሠራኋቸው። ሁለቱን ብቻ ሳትኩ። ሁለቱንም እንደገና ሠራኋቸው።

ዓርብ 24

ጠዋት ሜትር ጋ ገባሁ። ነገ አልመጣም አልኳቸው።

"ልጅሽ መንገድ ታውቃለች ብለሽኛል።"

ልጄ አትፈተንም አልኳቸው።

መለኪያውን ያዙት። "ታዲያ ፈተናው የማን ነው?"

 ይሄን ሁሉ ሳምንት ለስንቱ ሰው፣ ለመጽሐፍ ሻጩ፣ ለመስኮቷ ልጅ፣ ለዚህ ደብተር ሳይቀር የተናገርኩት አንድ ነገር ነበር፦ ለልጄ ነው። አሁን እሱ የለም።

"የኔ" አልኩ።

 ቁልፉ ለረጅሙ ነው አሉ፤ አንዴ ከተሰጠ ደግሞ ተመለስ አይባልም፣ ታውቂያለሽ። አውቃለሁ አልኩ። በአርባ ሦስት ዓመትሽ? አሉ፤ እንደ ማላገጥ ሳይሆን እውነት ለማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። አዎ፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ።

ስወጣ በቆረጣው ክፍል ፈንታ መጋዘን ገባሁ፣ ሳቄም መጣ። የፈራሁ መስሎኝ ነበር። ፍርሃት ግን እንዲህ አያስቅም። ሬዲዮ ማሽኗን ትታ ምን ሆንሽ አለችኝ፣ ነገርኳት። እስከ ምሳ ሕንፃው በሙሉ ሰማ። ከሰዓት በኋላ ቁልፍ የምትተክለዋ፣ ልብስ ተኳሹ፣ በረኛው ሳይቀር መልካም ዕድል አሉኝ። ረጅሙ እጄን ጨበጠኝ፣ እሱም ደስተኛ ነው። ለምን አይሆን።

ቤት ስገባ ልጄ በር ላይ ቆማ ነበር፣ እጇን ታጥባ፣ ጥፍሯን ፍቃ። ልትቆጪኝ ነው? አለች። እራት ስጪኝና ልብላ፣ ነገ ፈተና አለብኝ አልኳት። ከወገቤ ይዛ ከመሬት አነሳችኝ። ጋራዥ ጉልበት ሰጥቷታል።

ስለ ሕጉ ነገር ገና አልጨረስንም። ብትማር ጥሩ ጠበቃ ይወጣት ነበር፤ ይሄን እስከ ዕለተ ሞቴ እናገራለሁ። ዛሬ ግን አልተናገርኩም።

ቅዳሜ 25

አጭር፣ ስለደከመኝ። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ወንበሩ ሲጢጥ ይላል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ የልጄ እኩያ ነው፤ ተቆጣጣሪ መስዬው ሽንት ቤት ልሂድ ወይ ብሎ አስፈቀደኝ። ሂድ አልኩት።

ወረቀቱን ስገልጠው የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ሁለቴ አነበብኩት፣ አልገባኝም። ሦስተኛ ጊዜ ገባ። ከዚያ በኋላ ስለ ሰዓቱ የማስታውሰው የለም። አራት ነጋዴዎች በአምስት መደብር ነበሩ፣ አንዱ መደብር ባዶ። ጨርቅ አልነበረኝም፤ በጣቴ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። የሚያየኝ አብዳለች ይል ነበር። አንዱን ንባብ አልጨረስኩትም፣ እሱ ይቆጨኛል። ተቆጣጣሪዋ እርሳስ አስቀምጡ ስትል ገና መጀመራችን መስሎኝ ነበር።

ልጄ ደጅ ጠበቀችኝ። ስለ ባዶው መደብር ስነግራት መንገዱን ሙሉ አዳመጠችኝ። አንድ ቦታ ላይ አዛጋች። ይቅር አልኳት። "ቀጥዪ" አለች።

ሰኞ 27

ረጅሙ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገባ። ትንሽ ከፋኝ። ትንሽ ብቻ ብል ይሻላል።

ሻይ ሰዓት ላይ ሜትርን በር ላይ ጠበቅኋቸው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ማለዳ ገብቼ ሳይመሽ ልውጣ አልኳቸው። የማታ ትምህርት የሚጀመረው ሲመሽ ስለሆነ ነው።

"ውጤት ወጣ እንዴ?"

አልወጣም አልኳቸው።

"ታዲያ ካላለፍሽስ?"

"ፈተናው በየዓመቱ አለ። እስከዚያ ማለዳ መነሣቱን እለምደዋለሁ።"